የጋራዥ በር ሞላ፤ አሠራሩ፣ የሚሰበርበት ምክንያትና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

በሰሜን አሜሪካ የመኖሪያ ቤት ጋራዥ በር እንደ አገራችን የግቢ በር በማጠፊያ ወደ ጎን የሚከፈት አይደለም። በአብዛኛው አራት ወይም አምስት አግዳሚ ክፍሎች ተያይዘው በሐዲድ ላይ እየተንሸራተቱ ወደ ጣሪያው የሚወጡበት በር ነው። ወደ ላይ የሚነሳውን በር እ.ኤ.አ. በ1921፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚከፈተውን ደግሞ በ1926 የሠራው ሲ. ጂ. ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ እንደሆነ ይነገራል። በዚያ አገር የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ይህንን በር በየቀኑ ይጠቀሙበታል። በከተሞቻችን ከምናያቸው ወደ ላይ የሚጠቀለሉ የሱቅ በሮችም በእጅ የሚነሱት ብዙዎቹ በጥቅሉ ውስጥ በተሸሸገ ሞላ ይታገዛሉ።

በክፍል ውስጥ ስለ ሞላ ስናስተምር ብዙውን ጊዜ የምናሳየው ትንሹን የሚዛን ሞላ ነው። ተማሪው ሕጉን ይይዛል፤ ሞላ ሰውን ሊጎዳ የሚችል ጉልበት እንደሚያከማች ግን አያስተውልም። ስለዚህ የጋራዡን በር ምሳሌ አድርገን ነገሩን እንመልከት።

በሩን የሚያነሳው ምንድን ነው?

የሁለት መኪና ጋራዥ በር 80 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። ይህ ሁሉ ክብደት እያለው አንድ ሰው በአንድ እጁ ሊያነሳው ይችላል። ብዙ ሰው ሥራው የሞተሩ ይመስለዋል። ሞተሩ ግን በሩን ከማንቀሳቀስና ከማቆም በቀር ክብደቱን አይሸከምም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው።

የበሩ ቁመት 2.1 ሜትር ቢሆን፣ ተዘግቶ ሳለ የክብደቱ ማዕከል ከወለሉ 1.05 ሜትር ላይ ይገኛል። ተከፍቶ ከጣሪያው ሥር ሲጋደም ወደ 2.1 ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ በሩን ለማንሳት የሚያስፈልገው ሥራ 80 × 9.8 × 1.05 ነው፤ ይህም 823 ጁል ያህል ይሆናል። 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን የሲሚንቶ ከረጢት ከ1.7 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚለቀው ጉልበት ከዚህ ጋር እኩል ነው። በሩ ሲወርድ ይህ ጉልበት በሞላው ውስጥ ይከማቻል፤ ሲነሳም ከሞላው ይወጣል።

ከዚህ የምንረዳው ዋናው ቁም ነገር፣ በሩ ተዘግቶ ጸጥ ባለበት ሰዓት ሞላው እጅግ የተወጠረ መሆኑን ነው። የማንኛውም ጥገና ጥንቃቄ የሚነሳውም ከዚህ ነው፤ እጅ ከመዘርጋቱ በፊት ጉልበቱ የት እንደተከማቸ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለቱ የሞላ ዓይነቶች

አንደኛው ተሳቢ ሞላ ነው። ከበሩ ግራና ቀኝ ካለው አግዳሚ ሐዲድ ጎን ለጎን ይዘረጋል፤ በሩ ሲዘጋ ይለጠጣል፣ ሲከፈት ይላላል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳመለከተው፣ የሞላ ኃይል ከመለጠጡ ልክ ጋር አብሮ ያድጋል።

ሁለተኛው ተጠምዛዥ ሞላ ነው። ከበሩ በላይ በተጋደመ ዘንግ ላይ ይጠመጠማል፤ አንዱ ጫፉ ከግድግዳው ጋር፣ ሌላው ከዘንጉ ጋር ይታሰራል። በዘንጉ ሁለት ጫፎች ላይ የሽቦ ገመድ የሚጠመጠምባቸው ክብ መዘውሮች አሉ፤ ገመዶቹም ከበሩ ታችኛ ጠርዝ ጋር ተያይዘዋል። በሩ ሲወርድ ገመዱ ዘንጉን ያዞራል፣ ሞላውም ይጠመዘዛል። በሩ ሲነሳ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ወደ አግዳሚው ሐዲድ ስለሚዞሩ የሚንጠለጠለው ክብደት ይቀንሳል፤ የሞላው ኃይልም በዚያው ልክ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለቱ እስከ መጨረሻው የሚመጣጠኑት በዚህ ምክንያት ነው።

መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባ ነጥብ አለ። ተሳቢ ሞላ ሲለጠጥ ሽቦው ራሱ ይጠመዘዛል፤ ተጠምዛዥ ሞላ ሲጠመዘዝ ደግሞ ሽቦው ይጎብጣል። ስማቸውና በሽቦው ላይ የሚደርሰው ነገር የተገላቢጦሽ ነው።

ለምን ይሰበራል?

ዋናው ምክንያት የብረት ድካም ነው። ሽቦው በተወጠረና በላላ ቁጥር በአንድ ደካማ ቦታ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይጀምራል፤ ስንጥቁ ቀስ በቀስ እያደገ አንድ ቀን ሽቦው በድንገት ይበጠሳል። ለቤት በር የሚሠሩ ተራ ሞላዎች ብዙውን ጊዜ 10,000 ጊዜ ለመክፈትና ለመዝጋት የታሰቡ ናቸው። በሩ በቀን 4 ጊዜ ቢከፈትና ቢዘጋ ይህ 2,500 ቀን፣ ማለትም ወደ 7 ዓመት ገደማ ነው። ዝገት የሽቦውን ገጽ እየበላ ይህን ዕድሜ ያሳጥረዋል።

ሲሰበር ምን ይታያል? ምንስ ይደረግ?

ተጠምዛዥ ሞላ ሲሰበር እንደ ተኩስ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ በጥምጥሙ መካከልም ክፍተት ይታያል። በሩ ይከብዳል፤ ሞተሩ ጥቂት አንስቶት ያቆማል። በዚህ ጊዜ የሚከተሉትን ማድረግ ይገባል።

1. በሩ ተዘግቶ ከሆነ እንደተዘጋ ይተው፤ ሞተሩም ከኤሌክትሪክ ይነቀል።

2. በሩ ተከፍቶ ከሆነ ማንም ከሥሩ እንዳያልፍ ይደረግ። በሩን ከሞተሩ የሚያላቅቀው ቀይ ገመድ በፍጹም አይሳብ፤ 80 ኪሎው ያለ ተሸካሚ ይወድቃልና።

3. በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የተሠሩ የቤት በር ሞተሮች በሩ በሰው ላይ እንዳይዘጋ የሚያግድ መሣሪያ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። ይህ መሣሪያ የሚቆጣጠረው ግን ሞተሩን ነው፤ ሞላው ተሰብሮ የሚወድቀውን በር አያቆምም።

ከዚህ ቀጥሎ ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችለውን ከማይችለው እንለይ። ተሳቢ ሞላን ጥንቁቅ ሰው ሊቀይረው ይችላል፤ በሩ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ሞላው ስለሚላላ ነው። አስቀድሞ ሞተሩ ይነቀላል፤ በሩም እንዳይወርድ በግራና በቀኝ ሐዲድ ላይ ሞርሳ ጠብቆ ይታሰራል። አንዱ ሞላ ቢሰበርም ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ፤ እኩል ያገለገሉ ናቸውና። አዲሱ ሞላ ለበሩ ክብደት የተሠራ መሆን አለበት። በሞላው ውስጥ የሚያልፈው የመከላከያ የሽቦ ገመድም መልሶ መግባት ይኖርበታል፤ ሞላው ቢበጠስ ስባሪው እንዳይወረወር የሚይዘው እርሱ ነው።

ተጠምዛዡ ሞላ ግን በሩ ተከፍቶም ሙሉ በሙሉ አይላላም፤ ለመቀየርም በእጅ እስከ 7 ዙር ያህል መጠምዘዝ ያስፈልጋል። ሰውን የሚያሳስተው ደግሞ ይህ ነው። የመዘውሩ ሬዲየስ 5 ሳንቲሜትር ቢሆን የማዞሪያው ኃይል 784 × 0.05፣ ማለትም 39 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በ45 ሳንቲሜትር የብረት ዘንግ የሚጠመዝዘው ሰው እጁ ላይ የሚሰማው 87 ኒውተን፣ ወደ 9 ኪሎ ግራም ክብደት ብቻ ነው። ቀላል ስለሚመስለው ልኩ ባልሆነ ካቻቢቴ ይሞክራል። መሣሪያው ያመለጠ እንደሆነ ግን የተከማቸው ጉልበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ጣት፣ ክንድና ዓይንም ይጎዳል። ስለዚህ ይህ ሥራ ልኩ የሆነ የመጠምዘዣ ዘንግና ልምድ ላለው ባለሙያ ይተው። የዘንጉን ቅንፎችና የታችኛውን የገመድ ማሰሪያ ብሎኖች መፍታትም እንደዚሁ ክልክል ነው።

ለባለቤቱ የሚቀረው ሥራ ቀላልና ጠቃሚ ነው፤ ሞላውን ዘይት መቀባት፣ ገመዱን በዓይን መመርመርና ሚዛኑን መፈተሽ። ሚዛኑ ሲፈተሽ ሞላው ደህና መሆኑ ይታያል፤ በሩ እንደተዘጋ ከሞተሩ ይላቀቃል፤ ከዚያም በእጅ እስከ ወገብ ይነሳል። ባለበት ከቆየ ሚዛኑ ደህና ነው፤ ወደ ታች ከተጎተተ ወይም ወደ ላይ ከሸሸ ባለሙያ ይጠራ።

ለክፍል ሥራና ለጥያቄ

ተማሪዎች የወረቀት ማያያዣ ሽቦ እየዘረጉና እያጠፉ ስንት ጊዜ ላይ እንደሚሰበር ይቁጠሩ፤ በሰፊና በጠባብ ማዕዘን ያገኙትንም ያወዳድሩ። የበሩ ሞላ እንደዚህ ሽቦ እስኪጣመም ድረስ አይታጠፍም፤ ስለዚህም ዕድሜው በሺህ ይቆጠራል።

1. አንድ በር በቀን 8 ጊዜ ቢከፈትና ቢዘጋ፣ ለ10,000 ጊዜ የተሠራ ሞላ ስንት ዓመት ያገለግላል?

2. ሞላው ከዜሮ ጀምሮ በ7 ዙር (44 ራዲያን) 39 ኒውተን ሜትር ቢደርስ፣ የሚያከማቸው ጉልበት ½ × 39 × 44 ነው። ውጤቱን ከላይ ካገኘነው 823 ጁል ጋር አወዳድሩ፤ ስለምን ተቀራረቡ?

3. በሠፈራችሁ ሞላ የሚገኝባቸውን መሣሪያዎች ዘርዝሩ። በእያንዳንዱ ውስጥ ጉልበቱ የሚከማቸው መቼ ነው?