መቸኮል ሌላ፤ መፍጠን ሌላ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት፤ ዛሬ በኮምፒዩተር ፊት ለሚቀመጠው ወጣትም የሚሠራ ምክር ሆኖ አግኝተነዋል።

ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፤ ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ካወጣው ወዲህ፤ ለጀማሪ የሚቀል በመሆኑ ብዙ ተማሪ አፍርቷል። ነገር ግን የቋንቋው ቀላልነት የጸሐፊውን ጥፋት አይሸፍንለትም።

ይህም በእኛው ደርሶ አይተነዋል። 200,000 ስም ያለበትን አንድ መዝገብ፤ ያንኑ ያኽል ስም ካለበት ከሌላ መዝገብ ጋር አስተያይቶ የጐደለውን የሚያወጣ ፕሮግራም ጽፈን ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ በረካው ሲቀርብ፤ ፕሮግራሙ ገና ሥራውን አልጨረሰም። እኛም ጥፋቱን በማሽኑ ላይ ጥለን፤ አዲስ ኮምፒዩተር እንዲገዛልን ማመልከቻ እስከ መጻፍ ደረስን።

ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር። ስሞቹን ያኖርናቸው «ሊስት» በሚባለው ተራ ዝርዝር ውስጥ ነውና፤ ፓይተን አንዱን ስም ለመፈለግ ከመጀመሪያው አንሥቶ አንድ በአንድ እያየ ይወርድ ነበር። 200,000 በ200,000 ሲባዛ እስከ 40 ቢሊዮን ማስተያየት ይደርሳል። ይህም፤ አንድ ፋይል በተጠየቀ ቍጥር መደርደሪያውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር የሚያገላብጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛን ይመስላል።

«ሰት» በሚባለው ስብስብ ውስጥ ግን፤ ፓይተን ከስሙ አንድ ቍጥር ያሰላና ቍጥሩ ወደሚያመለክተው ስፍራ በቀጥታ ይሄዳል። ከፍለጋው በፊት ሊስቱን ወደ ሰት የምትለውጥ አንዲት መስመር ብንጨምር፤ ሥራው ስኒው ከእጃችን ሳይወርድ አለቀ። ማመልከቻውንም ቀደድነው። ይሁንና ሰት ተራ አይጠብቅም፤ የተደጋገመውንም አንድ ጊዜ ብቻ ይይዛል፤ የሚወስደውም ቦታ ይበዛል። ስለዚህ ተራው ለሚያስፈልግበት ሥራ ሊስት በስፍራው መልካም ነው።

እንግዲህ ለጀማሪው ምክራችን ሦስት ነው። አንደኛ፤ ፕሮግራሙ አስቀድሞ በትክክል ይሥራ። ሁለተኛ፤ ጊዜው የት እንደሚጠፋ በግምት ሳይሆን፤ ከፓይተን ጋር አብሮ በሚመጣው «ሲፕሮፋይል» በተባለው መለኪያ ይታወቅ። ሦስተኛ፤ መያዣው እንደ ሥራው ይመረጥ፤ በየዙሩ ውጤቱ የማይለወጥ ስሌትም ከዙሩ ውጭ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራ።

ማሽን የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ ትእዛዙን አያርምም። አዲስ ማሽን ከመጠየቅ በፊት የራስን ትእዛዝ መመርመር፤ ለመሥሪያ ቤትም ገንዘብ፤ ለራስም ዕውቀት ይበጃል።