አባት ምንጣፍ ላይ ሲወርድ

ጅቡቲ ከተማ ከግንቦት እስከ መስከረም ቀትሩ አይቻልም። ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት የሚደርሰውም እኩለ ቀን ገደማ ስለሆነ ብዙ ወንድ ከሰዓቱን ሲቅም ያሳልፋል። የኢትዮጵያን የወጪና ገቢ ዕቃ የሚያመላልሰው ሹፌር ደግሞ በመንገድና በወረፋ ስንት ቀን ይፈጅበታል። እንዲህ ያለው አባት ከልጁ ጋር የሚሆንባት ጊዜ ጥቂት ናት። በምን ይሙላት? በጨዋታ እላለሁ። ልጅን እንኮኮ ማለት፣ ኩኩሉ መጫወት፣ በአራት እግር ሄዶ ፈረስ መሆን፣ ፊትን አጣሞ ማሳቅ የአባትነት ዋና ሥራ እንጂ ትርፍ ነገር አይደለም።

የሦስት ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ምንጣፍ ላይ ሲታገል እንይ። አባት ይጥለዋል፤ ልጁ ይነሣል፣ ይንከተከታል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ግለቱ ሲበዛ የአባቱን ዐይን በእጁ ይመታል። አባት ቀጥ ይላል፤ ፈገግታው ይጠፋል፤ «ይሄማ ያማል» ይላል። ልጁ የአባቱን ፊት አይቶ እጁን ይሰበስባል፤ ትንሽ ቆይቶ ትግሉ ይቀጥላል። ልጁ በዚያች ቅጽበት የተለማመደው ደሙ እንደሞቀ ራሱን መግታት ነው። ይህን በምክር ማስተማር ይከብዳል፤ ምክር የሚሰማው ልጁ ከበረደ በኋላ ነውና። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1977 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የተሠሩ 78 ጥናቶችን አገላብጠው በ2020 ባወጡት ሥራ፣ አባታቸው አዘውትሮ የሚያጫውታቸው ልጆች ስሜታቸውንና ጠባያቸውን በመግዛት የተሻሉ ሆነው አግኝተዋቸዋል። እርግጥ ነው፣ ከመነሻው ረጋ ያለ ልጅ አባቱን ለጨዋታ ይጋብዝ ይሆናል፤ ዝምድናው ብቻውን መንስኤውን አያረጋግጥም። ምንጣፉ ላይ የሚታየው ልምምድ ግን ለግኝቱ አሳማኝ ምክንያት ይሰጣል ባይ ነኝ።

«አባት ከተጫወተ ልጅ ይንቀዋል» የሚለው ስጋት በቤታችን የቆየ ነው፤ ባዶም አይደለም። ጆሴፍ ፍላንደርስና ባልደረቦቹ በካናዳ አጥንተው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ አዘውትሮ ከአባት ጋር መታገል ከልጁ ተደባዳቢነት ጋር ተያይዞ የተገኘው አባት ጨዋታውን በማይመራበት፣ ልጁ እንዳሻው በሚሆንበት ቤት ነበር። ጥፋቱ እንግዲህ በሳቁ አይደለም፤ «በቃ» የሚል ሰው በመታጣቱ ነው። ፊቱን አኮሳትሮ ከልጁ የሚርቅ አባት ይፈራ ይሆናል፤ ልጁ ግን «በቃ» ሲባል ማቆምን የሚለማመድበት ጊዜ አያገኝም። እየሳቀ የሚታገል፣ ልክ ሲታለፍ የሚያስቆም አባት ክብሩን በየቀኑ በሥራ ያሳያል።

ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል። አንትሮፖሎጂስቱ ባሪ ሂውሌት በመካከለኛው አፍሪካ ጫካ የሚኖሩትን የአካ ሕዝቦች ሲያጠና፣ አባቶቹ ልጅን ወደ ላይ መወርወርም ሆነ መታገል ብዙም እንደማያውቁ አየ። ታዲያ ጨዋታው የግድ ነው? ለእነርሱ አይደለም። የአካ አባት ሕፃኑን የቀኑን ብዙ ሰዓት አቅፎ ወይም አጠገቡ አድርጎ ስለሚውል፣ ልጁን ለመላመድ ግርግር አያስፈልገውም። የሂውሌት ማብራሪያ የእኛኑ ጉዳይ ይነካል፤ ግርግር ያለው ጨዋታ ከልጁ ርቆ የሚውል አባት ቶሎ የሚቀርብበት መንገድ ነው። የጋላፊን ድንበር ተሻግሮ ስንት ቀን ከቤቱ ለሚርቅ ሹፌር፣ ወደቡ ላይ ሲሸከም ለሚውል ሠራተኛ ይህ መንገድ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል።

ደክሞኛል የሚለው መልስ እውነት ነው፤ የጅቡቲ ሙቀት ጉልበት ይጨርሳል። ጨዋታው ግን ረጅም መሆን የለበትም፤ ጋደም ብሎ ልጁን ሆድ ላይ ማስጋለብም ይቻላል። ስለዚህ የመንገድ አባቶች ሆይ፣ ቤት ስትደርሱ ለልጁ የያዛችሁትን ስጦታ ከቦርሳ ለማውጣት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ እንኮኮ በሉት።