ዓሣው ለማን ይደግ? የሃዋርድ ታነር ውሳኔ በሚሺጋን ሐይቅ

በአሜሪካ ዓሣና የዱር እንስሳት በመርሕ ደረጃ የሕዝብ ሀብት ሲሆኑ፣ በአብዛኛው የሚያስተዳድሯቸው የየክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግል የውኃ ሥነ ሕይወት ባለሙያ ዓሣ ይቆጥራል፣ የውኃ ጥራት ይለካል፣ የዓሣ ጫጩት ያራባል። አንዳንዴ ግን ውኃው ለማን ጥቅም ይዋል የሚለውን ጥያቄ እስከ መወሰን ይደርሳል። የዶክተር ሃዋርድ ታነር የሥራ ዘመን ይህንኑ በጉልህ ያሳያል።

ታነር በኮሎራዶ ለዓመታት ከሠሩ በኋላ፣ በ1964 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ትውልድ ግዛታቸው ሚሺጋን ተመልሰው የዓሣ ሀብት ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ከጣና ከአሥራ አምስት እጥፍ በላይ የሚሰፋው የሚሺጋን ሐይቅ በዚያን ጊዜ ሚዛኑን ስቶ ነበር። በዓሣ ገላ ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥጠው ላምፕሬይ በዌላንድ ቦይ በኩል የኒያጋራን ፏፏቴ አልፎ ገብቷል፤ ከመጠን ያለፈ ማስገር ታክሎበት ሌክ ትራውት የተባለውን ነባር አዳኝ ዓሣ ከሐይቁ አጥፍቷል። አዳኙ ሲጠፋ አሌዋይፍ የተባለው መጤ ትንሽ ዓሣ ያለ ከልካይ ተራባ።

የፌዴራሉ ባለሙያዎች ሌክ ትራውትን መመለስና የንግድ ማስገርን መደገፍ ይሻሉ። ታነር ሌላ መንገድ መረጡ። ከኦሬጎን አንድ ሚሊዮን ያህል የኮሆ ሳልመን እንቁላል አስመጥተው አስፈለፈሉ፤ ያደጉት ዓሦችም በ1966 ጸደይ በፕላት ወንዝና በሌሎች ጅረቶች ተለቀቁ። ዓላማቸው ሐይቁን በመንጠቆ ለመዝናናት ለሚያሰግር ሕዝብ ማዋል ነበር።

እዚህ ላይ የገንዘቡን ምንጭ ማየት ይገባል። የክፍለ ግዛቶች የዓሣ ሥራ በአመዛኙ የሚካሄደው ከማስገሪያ ፈቃድ ሽያጭና በ1950 በወጣ ሕግ ከማስገሪያ ዕቃ ላይ ከሚሰበሰብ ግብር ነው። ይህን ሙስና ማለት አይቻልም፤ ሆኖም በመንጠቆ የሚተዳደር ተቋም ሐይቁን በመንጠቆው ዓይን ማየቱ አይቀርም።

በ1967 መጸው ግዙፎቹ ሳልመኖች ሲመለሱ ሕዝቡ ወደ ዳርቻው ጎረፈ። መስከረም 23 ቀን ማዕበል ትንንሽ ጀልባዎችን ገልብጦ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ጉጉቱ ግን አልበረደም። በአንጻሩ በመረብ የሚያሰግሩ ነጋዴዎች ገደብ በዛባቸው፤ ነባር ሕዝቦችም በ1836 ውል የተጠበቀ የማስገር መብታቸውን ይዘው ፍርድ ቤት ቆሙ። ዳኛ ኖኤል ፎክስ በ1979 ለነባር ሕዝቦቹ ሲፈርዱ፣ ታነር የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር ነበሩ።

ሥነ ሕይወታዊው ውጤት ዘግይቶ መጣ። አሌዋይፍ በገላው ውስጥ ታያሚን የተባለውን ቫይታሚን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለው። አዘውትራ የምትመገበው ሌክ ትራውት የምትጥለው እንቁላል ቫይታሚኑ ስለሚጎድለው ጫጩቶቹ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። በአጎራባቹ ሂውረን ሐይቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሌዋይፍ ሲመናመን፣ እሱን ተመግቦ የሚኖረው ቺኑክ ሳልመንም አብሮ ወደቀ፤ ሌክ ትራውት ግን በራሱ መራባት ጀመረ። በሚሺጋን ሐይቅ ደግሞ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች የሚለቁትን ሳልመን ቁጥር የቀነሱት፣ ታነር ሊያስበሉት የፈለጉት አሌዋይፍ እንዳያልቅ በመስጋት ነው።