ዝገት ምስክር አይሆንም፦ የፌርበርን-ሳይክስን ጩቤ ለመለየት

በቅርስ ጥበቃ ሥራዬ ምክንያት የጩቤ ፎቶ እየላካችሁ «ዝጓል፤ ብርቅ ነው አይደል?» ትሉኛላችሁ። ዝገት ዕድሜን አያረጋግጥም፤ አዲስ ብረትም ይዝጋል። የብሪታንያ ኮማንዶዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታጠቁት የፌርበርን-ሳይክስ ጩቤ የሚለየው በአሠራሩ ነው፤ ሦስት ዋና ዓይነቶች አሉት።

1. የመጀመሪያው (እ.ኤ.አ. 1941)፦ የእጅ መከላከያው እንደ «ኤስ» ፊደል የተጣመመ ነው፤ ስለቱ ከእጀታው ሲገናኝ አጭር ጠፍጣፋ ቦታ አለው። ብርቁ ይህ ነው።

2. ሁለተኛው (ከ1942 ጀምሮ)፦ መከላከያው ቀጥ ያለ ነው፤ እጀታው ግን እንደ መጀመሪያው በጥቃቅን መረብ የተፈለፈለ ነው።

3. ሦስተኛው፦ እጀታውን ቀለበት መሳይ መስመሮች ይዞሩታል። በብዛት የሚገኘው ይህ ነው።

የተጣመመ መከላከያ ብቻውን አይበቃም፤ ቅጂው ብዙ ነው። ስለቱ ላይ የአምራቹን የዊልኪንሰን ሶርድን ምልክት ፈልጉ። አደራ፣ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት! ምልክቱ ከጠፋ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ የመከላከያውንና የስለቱን ሥር ፎቶ ከቅርብ አንሱ።