የሠራተኛው ስልክ ሲጠፋ የባለጉዳዩ መረጃ አብሮ እንዳይሄድ

የማዳበሪያ ፈላጊ አርሶ አደሮች ስም ዝርዝር በልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ የአባላት ሒሳብ ደግሞ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ የግል ስልክ ውስጥ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ስልኩ በገበያ መሐል ሲሰረቅ ታዲያ የባለጉዳዩም መረጃ አብሮ ይሄዳል።

ብዙዎች ስልኩን መቆለፍ ይበቃል ብለው ያምናሉ። ይሁን እንጂ ሌባው ሲም ካርዱን አውጥቶ በሌላ ስልክ ካስገባው በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚላኩ የማረጋገጫ ቁጥሮች ለእርሱ ይደርሱታል፤ በእነርሱም ዝርዝሩ የተላከበትን የቴሌግራም አካውንት ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ ሲም ካርዱም ራሱ በሚስጥር ቁጥር መቆለፍ አለበት። ይህ በስልኩ የደኅንነት ማስተካከያ ውስጥ ይገኛል፤ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ መሳሳት ግን ሲሙን ያዘጋልና ጥንቃቄ ይሻል። ለቴሌግራምም ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማበጀት ይገባል።

መሥሪያ ቤቶችም «ስልኩ የሠራተኛው ነው» ብለው ከኀላፊነት አያመልጡም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን መረጃ የሚይዙ ተቋማት እንዲጠብቁት ያዝዛል። *#06# ሲደወል የሚታየውን ባለ 15 አሃዝ የስልክ መለያ መመዝገብ፣ ስልክ ሲጠፋም ለማን እንደሚነገር አስቀድሞ መወሰን ወጪ አያስከትልም። ከሁሉ የሚከፋው መዘግየት ነው፤ ዓርብ ማታ ስልኩ የጠፋበት ሠራተኛ ተግሣጽ ፈርቶ እስከ ሰኞ ዝም ካለ፣ ሌባው ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ከልካይ ይሠራል።