ሰዓት የማያየው ድካም

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ፊልቱ ከተማ ውስጥ የሚሠሩ ወጣት የጤና ባለሙያዎች፣ በተለይ አዳር ተረኛ ሆነው ያነጉ፣ የእጅ ሰዓታቸውን እያሳዩ «ዶክተር፣ የልብ ምቴ መለዋወጥ ወርዷል ይላል፤ አእምሮዬ ደክሟል ማለት ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል። በእኛ ሙያ ስለ ድካም በግልጽ መነጋገር ብዙም አልተለመደምና። መልሱ ግን አጭር አይደለም።

ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ በምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ እኩል አይሆንም፤ አንዴ 0.94፣ አንዴ 1.05 ሴኮንድ ይሆናል። ይህን ለማስተዋል መሣሪያ አያስፈልግም። የእጅዎ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት በታች፣ ሁለት ጣት አሳርፈው ቀስ ብለው ይተንፍሱ። አየር ሲያስገቡ ትርታው ፈጠን፣ ሲያስወጡ ዘግየት ይላል። በወጣቶች ላይ ጎልቶ ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን በዋናነት የሚያደርገው ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደው ቬገስ ነርቭ ነው፤ የልብ ልጓም ልንለው እንችላለን። ሰውነት ሲያርፍ ልጓሙ ይይዛል፣ ልዩነቱም ይሰፋል። በጭንቀት፣ በሕመም ወይም በእንቅልፍ እጦት ጊዜ ሲላላ ልብ ይፈጥናል፤ ምቶቹም ወደ እኩልነት ይጠጋሉ።

ሕክምናው ይህን ልኬት ቁም ነገር ብሎ የያዘው በሌላ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሆን እና ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች የተጨነቀ ፅንስ የልብ ምቱ ፍጥነት ከመቀየሩ በፊት በምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ እንደሚለወጥ አስተዋሉ። በ1987 ደግሞ ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶባቸው ከተረፉ ሰዎች መካከል ልዩነቱ ጠባብ የሆነባቸው ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው ተረጋገጠ። በ1996 የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ባለሙያዎች የአለካኩን ደንብ አወጡ፤ አጭሩ ልኬት 5 ደቂቃ እንዲሆን መከሩ። የአእምሮ ድካም ላይ ሲደርስ ግን ጥናቶቹ አንድ ቃል አልሆኑም። ሰው ከከባድ ሥራ ጋር ሲታገል ልዩነቱ ይወርዳል። ታክቶት ሐሳቡ ከሥራው ሲርቅ ደግሞ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ «ደህና» ባለበት ሰዓት የደከመች ነርስ የመድኃኒት መጠን ልትስት ትችላለች።

እኛ ዘንድ ቆላውም አለ። ሙቀቱ ብቻውን ልብን ያፈጥናል። በድርቅ ወራት ውኃ በቦቴ ሲጠበቅ ደግሞ ሠራተኛው ጠጥቶ አይጠግብም፤ የሰውነት ፈሳሽ ሲቀንስ የምቶቹ ልዩነት ይጠባል። የወባ ትኩሳትም እንደዚያው ያደርጋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጫቱ ነው።

አንድ ምሽት የአምቡላንስ ሾፌር ምጥ የጠናባትን እናት ይዞ ወደ ነገሌ ቦረና ሊወጣ ሲል እጁን ያዝኩት። ትርታው ፈጣንና አንድ ወጥ ነበር። ከንፈሩ ደርቋል፤ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። «ደከመህ እንዴ?» አልኩት። «ዋላል (ወንድሜ)፣ ዓይኔ ፍጥጥ ብሏል፤ ምንም አልሆንም» አለኝ። መቼ እንደተኛ ስጠይቀው ትንሽ ዝም ብሎ «ትናንት ሌሊትም መንገድ ላይ ነበርኩ» አለ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍን ያባርራል፤ የታጣውን እንቅልፍ ግን አይተካም። ሌላ ሾፌር ተቀስቅሶ እናቲቱን ይዞ ሄደ። እንዲህ እንድወስን ያደረገኝ ስለ እንቅልፉ የሰጠኝ መልስ ነው፤ የትርታውን ፍጥነት ጫቱም፣ ጥማቱም፣ ሙቀቱም ሊያመጡት ይችሉ ነበር።

ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ጤና ነው ብሎ ማመንም አደጋ አለው። አገራችን ውስጥ በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የልብ ቫልቭ ያበላሸባቸው ብዙ ወጣቶች አሉ። ቫልቩ ሲጠብ የልብ የላይኛው ክፍል መርገብገብ ሊጀምርና ትርታው ሥርዓት ሊያጣ ይችላል። የምቶቹን ርቀት ብቻ ለሚቆጥር መሣሪያ ይህ በጣም ሰፊ ልዩነት ነው፤ ሰውየው ያረፈ ሊመስለው ይችላል። ትርታዎ ከትንፋሽዎ ጋር ሳይገናኝ የሚዘባረቅ ከሆነ ሰዓቱን ትተው የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ ይነሡ።

ሰዓቱን ጣሉት አልልም። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ሻይም ጫትም ሳይቀምሱ፣ ሳይንቀሳቀሱ ለጥቂት ደቂቃ ይለኩ፤ ለሳምንታትም ከራስዎ ጋር ብቻ ያስተያዩ። ከጓደኛ ቁጥር ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። ከለመዱት በታች ለቀናት ከቆየና መርሳት፣ መነጫነጭ፣ አንዱን የታካሚ ካርድ ደጋግሞ ማንበብ ከታከለበት እረፍት ያስፈልግዎታል።

ተራ የምታወጡ ኃላፊዎች ሆይ፣ ለሌሊት ሪፈር ሁለተኛ ሾፌር መድቡ። አዳር ያነጋን ነርስ ጠዋት የመርፌ መጠን እንዲቀምር አታድርጉ። ባለሙያው ሥራ ሲረከብም መቼ እንደተኛና ውኃ መጠጣቱን ጠይቁት፤ ለዚህ የሚገዛ መሣሪያ የለም።