ሸርጣን የወጣበት ሸክላ፦ ሚያጋዋ ኮዛን

የጃፓን ስመ ጥር ሸክላ ሠሪዎች ብዙዎቹ ለዘመናት የኖሩት በመሳፍንት ድጎማ ነበር። በ1871 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመሳፍንቱ ግዛቶች ሲሻሩ ድጎማው ተቋረጠ፤ ገዢ መፈለግ የሸክላ ሠሪው የራሱ ጣጣ ሆነ። ለመርከብና ለማሽን መግዣ የውጭ ገንዘብ የቸገረው የሜጂ መንግሥት ደግሞ በ1873 የቪየና የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የአገሩን የእጅ ሥራ ይዞ ቀረበ። አውሮፓ ወደደው።

የኪዮቶው ተወላጅ ሚያጋዋ ኮዛን የውጭ ገበያ ፍለጋ ነው በ1870ዎቹ መባቻ ወደ ዮኮሃማ ወደብ ወርዶ እቶን የተከለው። በጊዜው የውጭ ደንበኛ ዓይን ያረፈው በወርቅ ቅብ ባጌጠው የሳትሱማ ሸክላ ላይ ነበር። ወርቅ ውድ ነው። ኮዛን ወርቁን ቀነሰና ጭቃውን ራሱን ጌጥ አደረገው፤ ወፉን፣ አበባውን፣ ሸርጣኑን እንደ ሐውልት ቀርጾ ከዕቃው ገላ አወጣው። ሥራው ፈተና አለው፤ ሸክላ ሲደርቅም ሲተኮስም ስለሚኮማተር፣ ወፍራሙና ስሱ እኩል ካልሄዱ ይሰነጠቃል። በ1881 የሠራው፣ ሸርጣኖች ከንፈሩ ላይ የወጡበት ቡናማ ጎድጓዳ ሳህን ዛሬ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።

በዚያው ዘመን ሙያው ከኬሚስትሪ ጋር ተዋወቀ። ጀርመናዊው ጎትፍሪድ ቫግነር በ1870 ወደ ሸክላ ከተማዋ አሪታ ሄዶ በፋብሪካ የተጣራ ኮባልትና በድንጋይ ከሰል የሚነድ እቶን አሳይቶ ነበር። ከቻይና ይመጣ የነበረውን የተፈጥሮ ሰማያዊ ቀለም ርካሹ ኮባልት ተካው።

ኮዛንም ቢሆን ዝናው ላይ አልተኛም። በ1880ዎቹ ቅርጻ ቅርጹን ወደ ጎን ትቶ፣ የቻይናን የቆዩ ሥራዎችና የአውሮፓን አዳዲስ ቀለሞች እያጠና ወደ ፖርሴሊን ዞረ፤ ሥዕሉን ከብርጭቆማው ሽፋን ሥር ይሥል ጀመር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ ሥራው ይህኛው ነው። ሸርጣኑ ተመልካቹን ያስደንቃል፤ ጭጋግ የመሰሉት ፈዛዛ ሰማያዊና ሮዝ ማሰሮዎች ግን ደጋግመው ቢያዩዋቸው አይሰለቹም። በ1896 የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት የኪነ ጥበብ ባለሙያ ተብሎ ተሾመ፤ በ1916 አረፈ።

የዮኮሃማው ሸክላ መሥሪያ በ1945 በአየር ድብደባ ወደመ። ሥራዎቹ በአብዛኛው ወደ ውጭ የተሸጡ ስለነበሩ፣ ጃፓናውያን ሰብሳቢዎች በኋላ ከባሕር ማዶ እየገዙ መመለስ ነበረባቸው።